ነጩና ጥቁሩ እንጉዳይ

እኔ እንጉዳይ ለቃሚ ነኝ። ሮቤ ውስጥ ይህን ስናገር ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ፊቱን አጨማዶ «የጅብ ጥላውን?» ይለኛል። አዎ፣ የጅብ ጥላውን! ጅብ ተጠልሎበት አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ልጆቼን አብልቼ አሳድጌበታለሁ።

ስሜ ዘይነብ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጆቼ አንብበው ከጣሉት መጽሐፍ እየለቃቀምኩ፣ የማይገባኝን እያሰመርኩ፣ ያገኘሁትን የተማረ ሰው እያስቆምኩ እየጠየቅሁ ነው ያገኘሁት። እንጉዳዩን ያስተማሩኝ ደግሞ የባለቤቴ እናት ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ከጎባ በላይ ጥዱና ኮሶው ከግጦሹ ጋር የሚገናኝበት ዳርቻ ላይ የሚበላውን አንድ ዓይነት አሳዩኝና «ከዚህ ሌላ እንዳትነኪ፣ ቢያምርሽም እንዳትነኪ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ ሌላ ነክቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔ የማውቀውን ነገር አደጋ ያገኘዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው አምና ሐምሌ ላይ፣ ከረቡዕ ጠዋት እስከ ሐሙስ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንድ ቀን ተኩል መሆኑ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት የነበረችው ዘይነብና ከዚያ በኋላ ያለችው አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ ግን ሰሚራን እወቋት። ሰሚራ የወንድሜ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የእኔ ናት። በኦሮምኛችን የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፣ እሷም ከአዳዳ ሌላ ስም የለኝም። ተድራ ጎባ ነው የምትኖረው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጤና ጣቢያ ደምሽ አንሷል ብለው ክኒን ሰጥተዋት ነበር፣ እሷ ግን «ሆዴን ይገለብጠዋል» ብላ ጠላችው።

«ተይው» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። «እንጉዳይ ውስጥ አይረን አለ፣ አንብቤያለሁ። እኔ አበላሻለሁ።»

ከመጋቢት ጀምሮ የደረቀ እንጉዳይ እየፈጨሁ፣ በማርማላታ ጠርሙስ እየሞላሁ ጎባ አደርስላት ነበር። በየቀኑ አንድ ማንኪያ ሾርባዋ ላይ። ፊቷ ቀላ ሲል «አየሽ?» እያልኩ ስንቱን ጎረቤት አሰለቸሁ።

እንጉዳይ ሁለት ዓይነት ነበረኝ። ዘሩ አንድ ነው፣ የደረቀበት ነው የተለየው። አንደኛው ከምድጃው በላይ በተንጠለጠለ ሰፌድ ላይ ጢስ እየጠጣ የደረቀ ነው፤ ጥቁር፣ ጭምድድ ያለ፣ ሲያዩት የሚያሳፍር። ሁለተኛው በበልጉ ዝናብ መሃል ፀሐይ በወጣች ጊዜ ግቢ ውስጥ ያደረቅሁት ነው፤ ነጭ፣ ዘርጋ ያለ፣ እንደ ወረቀት ቀጥ ያለ። ነጩን ለገበያና ለክብር፣ ጥቁሩን ለቤት። እንደዚያ ነው የኛ ነገር፣ ታውቁታላችሁ።

ግንቦት ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ገበያ ላይ ፊቴ ቆሞ እንጉዳዩን እያገላበጠ ብዙ ጠየቀኝ። ዳዊት ይባላል፤ የጎጃም ልጅ ነው፣ የባሌ ብርድ ገና ያልለቀቀው፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ። የዱር እንጉዳይ ውስጥ ምን ምን ማዕድን እንዳለ ሊለካ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ለሳይንስ ነው ሲለኝ አስቀያሚውን እሰጠዋለሁ? ነጩን፣ ከነጩም ምርጡን ዘግኜ ሰጠሁት። ቤት ጠርቼም አበላሁት። የቤቴን መንገድ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ያን ረቡዕ ጠዋት ድንች እየላጥኩ በሩ ተንኳኳ። መምህር ዳዊት ነው።

«ውጤቱ መጣ?» አልኩት ገና ሳይገባ።

«መጣ፣ ወይዘሮ ዘይነብ።»

«ታዲያ ግባ! ምን ውጭ ያቆምሃል?»

ገባ። ግን አልተቀመጠም። እጁ ላይ ያለችውን የታጠፈች ወረቀት ይዘረጋታል፣ መልሶ ያጥፋታል።

«መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርዎት» አለ። «አይረን አለው። ዚንክ አለው። ፖታሲየሙማ በሽበሽ ነው።»

ድንቹን ከነቢላዋው ጥዬ ተነሳሁ። «ብዬህ አልነበረም? ወላሂ ብዬህ ነበር! ከዲር! ከዲር፣ ና ስማ! የጅብ ጥላ ስትል የኖርከው ሰውዬ፣ ና ስማ!»

ባለቤቴ ከጓሮ «ምንድነው እሱ?» እያለ መጣ።

«እርሳስም አለው» አለ መምህሩ።

«እርሳስ ምንድነው?»

«ብረት ነው። ባትሪ ውስጥ ያለው ከባዱ ብረት። ለሰው አካል አንድም ጥቅም የለውም፣ መርዝ ነው።»

ፊቴ ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት እዚያው ቆሞ ቀረ። «ትንሽ ነው አይደል?»

«ትንሽ አይደለም። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ለካሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንጉዳይ ክፉ ጠባይ አለው፣ ወይዘሮ ዘይነብ። አፈር ውስጥ ያለውን ብረት ጥሩውንም መጥፎውንም መጥጦ ያወጣል። የለቀሙበት አካባቢ ጋራዥ አለ? ቆሻሻ መድፊያ?»

«ኧረ ምን ጋራዥ! ጥድ ነው፣ ኮሶ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ላም ነው።»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ማን ማን በልቶታል?»

ሰሚራ ያን ጊዜ ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው። ከነሆዷ፣ ከነማንኪያዋ።

«እርጉዝ ሴት ብትበላውስ?» አልኩት።

ከዲርም ዞሮ አየኝ፣ መምህሩም አየኝ። «ማን ናት?»

«ልጄ ናት።»

ሳይቀመጥ የቆየው መምህር አሁን ተቀመጠ። «ልዋሽዎት አልችልም። እርሳስ ከእናትየው ደም ወደ ፅንሱ ያልፋል። የልጁን አእምሮ ነው የሚጎዳው። ግን አንድ ቀን መብላትና ለወራት መብላት አንድ አይደለም። ስንት ጊዜ በልታለች?»

«በየቀኑ» አልኩ። «ከመጋቢት ጀምሮ። በገዛ እጄ እየፈጨሁ።»

ከዲር «ያ ረቢ» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

ደሟን ማስመርመር እንደሚቻል፣ ናሙናው ግን አዲስ አበባ ስለሚላክ ቀናት እንደሚወስድ መምህሩ ነገረኝ። «እስከዚያ የምትበላውን ራሱን እንለካው። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረ ካለ ዛሬውኑ ያምጡልኝ፣ ነገ ጠዋት ማሽኑን አስነሳለሁ። ከነገ በኋላ ግን ቃል አልገባም። ጋዙ ሊያልቅ ነው፤ ሌላው ሲሊንደር መቼ እንደሚመጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

ወጥቶ ሄደ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩ።

«አዳዳ! አከም ቡልቴ?» አለችኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ድምጿ ደስ ይላል፣ ማንኪያ ሲንቃጨል ይሰማኛል።

«ዛሬ ዱቄቱን በላሽ?»

«አሁን ልጨምረው ነው…»

«እንዳትጨምሪ!»

«ምነው?»

«እንዳትጨምሪ አልኩሽ! መጣሁ።» ዘጋሁት። በስልክ እንዴት ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ሻርፔን ጣል አድርጌ፣ የላስቲክ ጫማ እንዳጠለቅሁ ወደ በሩ ሮጥኩ። ከዲር ራሱ የበየደው ባለ ሁለት ተካፋች የቆርቆሮ በር ነው። ስከፍተው እጄ መሃሉ ላይ አረፈ፣ ዓይኔም እጄ ባረፈበት ላይ ወደቀ።

እጄ ሥር አንድ ክብ አለ። ከጎኑ ሌላ ክብ። ከሱ በታች ሦስት፣ አራት… በሩ ቀይ ነው፣ ክቦቹ ግን የተላጡ፣ የገረጡ። ስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ ነው። እነዚያን ክቦች የማውቃቸው ነበር! ለሁለት ወር ባየኋቸው ቁጥር በሆዴ ስስቅባቸው ከርሜያለሁ። በበልግ ከዲር በሩን በይዶ ሲጨርስ ዝገት እንዳይበላው አንቲረስት ቀባው፤ ያን ከሌላው ቀለም በፊት የሚቀባውን ቀዩን። ከየት እንዳመጣው ልንገራችሁ? አንድ ግንበኛ ወዳጁ መጋዘን ውስጥ ስንት ዘመን የተቀመጠ፣ ጽሑፉ የጠፋ ጣሳ ሰጥቶት ነው። ቀባውና ሁለቱን ተካፋች ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ ይድረቅ ብሎ ሥራ ሄደ። እኔ ደግሞ ያን ሳምንት እንጉዳዩ በዝቶብኝ ሰፌዱ ሞልቷል። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል። እንዲህ ያለ ማድረቂያ ከየት ይገኛል? ደርድሬ አሰጣሁት። በሁለት ቀን ደረቀልኝ፣ ነጭ ሆኖ! ሳነሳው አንዳንዱ ተጣብቆ ቀለሙን ይዞ ተነሳ፤ ከሥሩ ትንሽ ቀላ ያለውን የጫካ አፈር ነው ብዬ እፍ ብዬ አለፍኩት። ከዲር መጥቶ ክቦቹን ሲያይ «በረዶ ነው የመታው» አለ። «ይሆናል፣ ትልቅ በረዶ ነበር» አልኩት። አዎ፣ ዋሸሁት። በሩን እንዳለ ሰቀለው፣ ዳግመኛ እቀባዋለሁ እያለ ሳይቀባው ከረመ።

ያ ክብ ነው አሁን እጄ ሥር ያለው።

መንገዱ ላይ ወጣሁ። መምህሩ ሩቅ ሄዷል፤ ያ ሁለት ሹራቡ ብቻ ይታየኛል።

«መምህር!» ጮህኩ። «አንተ መምህር! ቁም!»

አልሰማም። ሮጥኩ። ያ ጭቃ፣ ያ የላስቲክ ጫማ! አንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ትቼው ሮጥኩ። አንድ ባለ ባጃጅ «ሌባ ነው? ልያዘው?» ይለኛል። «ያዘው!» አልኩት። ያዘው ደግሞ! መምህሩ ባጃጅ ፊቱ ሲጋረጥበት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ከጫካው አይደለም!» አልኩት ቁና ቁና እየተነፈስኩ። «ከበሩ ነው! ከበሩ!»

«ከምኑ በር?»

እጁን ይዤ ጎትቼ መለስኩት። በሩ ፊት አቁሜ ክቦቹን አሳየሁት፣ እንዴት እንዳሰጣሁት አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ቀና ብሎ እኔን ያያል፣ እንደገና ጎንበስ ይላል። ከዲርም ወጥቶ ይሰማል።

«በረዶ አይደለም እንዴ?» አለ ከዲር።

«ዝም በል አሁን።»

«አይ፣ ንገሪኝ እንጂ፤ በረዶው አንቺ ነበርሽ?»

መምህሩ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር በራ። «አሮጌ አንቲረስት» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ድሮ የሚሠራው በእርሳስ ነው። እርጥብ እንጉዳይ፣ የጋለ ቀለም… ወይዘሮ ዘይነብ፣ ለእኔ የሰጡኝ እዚህ ላይ የደረቀውን ነው?»

«ነጩን! ምርጡን!»

«ሌላ አለዎት? እዚህ ያልደረቀ?»

«ጥቁሩ አለ። አስቀያሚ ነው ብዬ አልሰጠሁህም።»

«ልጅዎ የምትበላው የትኛውን ነው?»

«ዱቄቱ ከጥቁሩ ነው» አልኩና «አልሐምዱ…» ልል ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ተሰበረ። «ለአረፋ ግን ነጩን ሰጥቻታለሁ። አንድ ሙሉ ጠርሙስ። በዓል ነው ብዬ።»

ከዚያ መምህሩ እርጥብ ጨርቅ አስመጣ፣ አቧራው እንዳይነሳ በጨርቁ እያረጠበ ከቀለሙ ቆንጥሮ ወረቀት ላይ ጠቀለለ። «ይሂዱ፣ ሁለቱንም ጠርሙስ ያምጡ» አለኝ። «እኔ ከቤትዎ ጥቁሩን ይዤ እሄዳለሁ።»

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ያን ቀን ግን አልደርስ አለኝ። ረዳቱ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር ልቤ ከኔ ቀድሞ ይወርዳል።

ሰሚራ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ሁለት እጇ ወገቧ ላይ። እግሬን አየች። «አዳዳ፣ አንዱ ጫማሽስ?»

ያን ጊዜ ነው የአንድ እግር ጫማ አድርጌ ጎባ መድረሴን ያወቅሁት። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድ ነገር አልደበቅሁም። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ሆዷ ሄደ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ጥቁሩ ዱቄት ይኸው» አለች፤ ጠርሙሱ ሥር የቀረ አንድ ሁለት ማንኪያ ነው።

«የአረፋውስ? ነጩ?»

ፊቷ ላይ እፍረት የመሰለ ነገር አየሁ። ተነስታ ወደ ቡፌው ሄደች፣ ያ መስታወት ያለው፣ የሰርጓ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት። ከብርጭቆዎቹ መሃል ጠርሙሱን አወጣች። ነጩ እንጉዳይ እንዳስቀመጥኩት ቆንጆ ሆኖ ተቀምጧል። ግን ጎድሏል! ሦስት ጣት ያህል ጎድሏል።

«ሰሚራ! ማነው የበላው?»

«አዳዳ…»

«እውነቱን! እንዳልደነግጥ ብለሽ እንዳትደብቂኝ፣ በአላህ!»

«አንቺ ነሻ!» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የበላሽው! ባለፈው ስትመጪ ወጥ የሠራሁልሽ በሱ ነው። 'ምነው ይሄ ወጥ፣ እጅሽ ጣፈጠ' ብለሽ ሁለቴ አልጨለፍሽም?»

«አንቺስ? አብረሽኝ አልበላሽም?»

«እኔ ሾርባዬን ነው የጠጣሁት። ይሄንንማ ለእንግዳ ነው ያስቀመጥኩት። ስወልድ ሰው ሲመጣ ምን ላቀርብ ነው ብዬ።»

አየኋት። አየችኝ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ነገር ከሆዴ ተነስቶ መጣ፤ እሷም ሆዷን ደግፋ ትስቃለች፣ ሁለታችንም እንባችን ይወርዳል። ከኔ ሌላ ማን አስተምሯት! ቆንጆውን ለእንግዳ፣ ጥቁሩን ለራስሽ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍርሃቱ እዚያው ነበር። የጥቁሩን ንጽሕና ማን አየ? ጫካው ራሱ እርሳስ ቢኖረውስ? መምህሩ ያልኩትን ሁሉ ቢያምነኝም ገና አልለካውም። አራት ወር የበላችው ደግሞ ጥቁሩን ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች ይዤ በዚያው ሚኒባስ ተመለስኩ፣ የሷን ጫማ አድርጌ።

ሐሙስ ጠዋት ሰሚራ «እኔም አያለሁ» ብላ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ድረስ መጣች። መምህሩ እንጉዳዩን ሁሉ ሌሊቱን በአሲድ አሟሙቶ በየብልቃጡ አዘጋጅቶታል፤ እያንዳንዱ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፏል። ማሽኑ ረጅም ሳጥን ነው፣ ከመሃሉ ሰማያዊ እሳት የሚነድበት። ቀጭን ቱቦ ብልቃጡ ውስጥ ይገባና ውሃውን እየሳበ እሳቱ ላይ ይረጨዋል። ለየብረቱ የየራሱ መብራት አለው፤ መምህሩ የእርሳሱን መብራት ሰካና የጋዙን መለኪያ መታ መታ አደረገው።

«ብዙ አይቆይም» አለ። «ቀለሙን ላስቀድም፤ ምንጩ እሱ መሆኑን ካረጋገጥን…»

«ቀለሙ የትም አይሄድብህም» አልኩት። «የልጄን አስቀድምልኝ።»

ሰሚራን አየና ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ እርሳሳቸው የታወቀውን መለኪያ ብልቃጦች አሳለፈ። ቀጥሎ ባዶውን፣ አሲድና ውሃ ብቻ ያለበትን። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

«አሁን የሰሚራ ነው።»

ቱቦዋ ገባች። ሰሚራ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። እኔ እሳቱን አያለሁ፣ ቀለሙ ይቀየር ይሆን ብዬ። እሳቱ ሰማያዊ ነው። ቁጥሩን ላየው ፈራሁ።

«መምህር፣ በል እንጂ!»

«ቆይ…» አለ። «ይሄ…»

«ይሄ ምን?»

«ከባዶው አይለይም።» ቱቦዋን አወጣ፣ በውሃ አጠባት፣ እንደገና ከተታት። «እንደገና ያው ነው። ይሄ ማሽን ሊያየው የሚችለው እርሳስ የለውም፣ ወይዘሮ ዘይነብ። ንጹህ ነው!»

እልል አልኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ! ከወዲያኛው ክፍል አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ብቅ ብላ «እዚህ ሰርግ አለ እንዴ?» አለች፤ ሰሚራ ደግሞ አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች፣ ሆዷ መሃላችን ገብቶ ሙሉ በሙሉ መተቃቀፍ አልቻልንም። ወላሂ ልጁም ረገጠኝ።

ነጩ ሲገባ ቁጥሩ ተስፈንጥሮ ወጣ። ቀለሙማ በስንት ውሃ አቅጥኖትም ማሽኑ ከመጠኔ በላይ ነው አለ። ያን እንዳየን እሳቱ ተንጨረጨረ፣ መምህሩ ፈጥኖ ዘጋው። ጋዙ አለቀ።

«በቃን» አለ፣ ግንባሩን እየጠረገ። ሁለቱንም ሹራብ አውልቋል። ከዚያ ሳቅ ብሎ «ስንት ቀን ጫካውን ሳማ ነበር፣ የደረቀበትን አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠይቅዎት» አለኝ።

ሰሚራ ወደ እኔ ዞራ «እንግዲህ ከመሃላችን እርሳሱን የበላችሁት አንቺና መምህሩ ብቻ ናችሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያን ቀን ለምሳ ያቀረብኩለት ነጩን ነበር። ደንግጬ ሳየው «አንድ ምሳ ነው፣ ግን እኛም እንመርመር» አለ።

ሦስታችንም ደም ሰጠን፣ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ የሰሚራ የሚያሰጋ ነገር አልነበረውም፣ የእኛም እንደዚያው። መስከረም ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁሉን ልጨብጥ የምትል፣ ጮኸን ብንጠራት ዓይኗን በነገር የምታዞር ልጅ ናት።

ግን ታሪኩ ላቦራቶሪው ውስጥ አላለቀም፤ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነጩን የገዙኝ አራት ቤቶች ነበሩ። ያንኑ ሐሙስ በየበራቸው ሄድኩ። ሁለቱ ቤት ልጆች ስላሉ ለምርመራ እንዲወስዷቸው ለመንኳቸው፤ ደህና ሆነው ተገኙ። አንዷ እናት ለብዙ ሳምንት ሰላምታ ነሳችኝ፣ ልክ ናት። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፣ ነጩን ተቀብዬ ጥቁሩን በምትኩ ስሰጣቸው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ዘይነብ፣ ይሄ አስቀያሚ ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ፣ አስቀያሚ ነው።»

«ይበላል?»

«እርስዎ ከመብላትዎ በፊት እኔ በልቼዋለሁ።»

«እንግዲያው አምጪው» አሉ።

ሁለተኛውን ስህተቴን የነገረችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። እንጉዳይ ውስጥ ያለው አይረን ሁሉ ደም አይሆንም፤ ከምግብ ጋር ጥሩ ነው እንጂ ክኒኑን አይተካም። ሰሚራን «ተይው» ማለት አልነበረብኝም። ነርሷ ክኒኑን ከምግብ በኋላ ውሰጂው አለቻት፣ ሆዷን መገልበጡም ቀነሰ። እኔ አንድ ነገር አንብቤ ሁሉን ያነበብኩ መስሎኝ ነበር።

በሩን ከዲር ወዲያው ሊፍቀው ሲነሳ መምህሩ ከለከለው፤ ደረቁ ሲፋቅ አቧራው ይብሳል አለው። እርሳስ የሌለው መሆኑ የተጻፈበት ቀለም ተገዝቶ ተሸፈነ። ከዲር እስከ ዛሬ ዝናብ ሲያስገመግም «ተጠንቀቂ፣ በረዶ ሊመጣ ነው» ይለኛል። የእጄን ነው ያገኘሁት።

ዛሬ ጠርሙሶቼ ሁሉ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የተለቀመበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ምን ላይ እንደደረቀ። ገበያ ላይ ሰው ይስቅብኛል፤ «የጅብ ጥላው መታወቂያ አወጣ» ይላሉ። ይሳቁ። አንዳንዶቹ ግን ከሳቁ በኋላ ጎንበስ ብለው ያነቡታል።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ ልምጣ፣ ይህን የምታነቡት። እናንተ እንጉዳይ ላትበሉ ትችላላችሁ፣ የጅብ ጥላ ስትሉ የምታድሩ ሞልታችኋል። ነገር ግን ቤታችሁ በርበሬ አለ። ስንዴ አለ፣ ገብስ አለ፣ ቋንጣ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም ጠፍጣፋና የሚግል ነገር ነው ዓይናችን የሚፈልገው፤ የተቀባ ቆርቆሮ፣ የቀለም በርሜል ክዳን፣ የተጣለ በር። ዛሬ ያሰጣችሁት ነገር ካለ ይህን ወረቀት አስቀምጡና ውጡ። ከሥሩ ያለውን አንስታችሁ እዩት። እኔ እዚሁ ነኝ፣ እስክትመለሱ እጠብቃችኋለሁ።